በቅሬው መሬት ላይ የሠራሁት ሽንት ቤት

እኔ የሠራሁት ነገር አያፈስም። ጉራ የመሰለው ካለ ወልድያ ሄዶ ይጠይቅ። የውሃ ማጠራቀሚያ ሠርቻለሁ፣ የሆቴል ሴፕቲክ ታንክ ሠርቻለሁ፣ ገበሬ ጓሮ የባዮጋዝ ጉድጓድ ሠርቻለሁ፤ አንዱንም ልጠግን ተመልሼ አላውቅም። ስለዚህ መርሳ፣ አክስቴ ሰፈር የሠራሁት የሽንት ቤት ባዮጋዝ አልነድ ባለ ጊዜ ሥራዬን አልጠረጠርኩም፤ ሰው ጠረጠርኩ። በዚህ ትክክል ነበርኩ። የተሳሳትኩት ሰውየው ማን እንደሆነ ላይ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ቁጣዬንም የወረስኩት ከሳቸው ነው ይሉኛል የሚያውቁን ሰዎች። የሚኖሩት ከመርሳ መናኸሪያ ጀርባ፣ በደረቁ ወንዝ ዳር ባለው ጨረቃ ቤት ነው። ሰው ማታ ግድግዳ አቁሞ ጧት ቆርቆሮ ሲመታ የተገኘበት ሰፈር ነው። ካርታ የለውም፣ የቤት ቁጥር የለውም። ሕጋዊ ስላልሆነ ሽንት ቤት ልሥራላችሁ ብሎ የመጣ የለም፤ ነዋሪውም ነገ ይፈርስ ይሆናል ለሚለው ቤት ጉድጓድ መቆፈር አልሆነለትም። ሊቆፍር ቢልም ቤት ከቤት ተጣብቆ ቦታ የለውም። ስለዚህ ሁሉም ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወንዱ ባሻው ሰዓት፣ ሴቷ ሲጨልም።

ከወልድያ በሚኒባስ ወርጄ ልጠይቃቸው በመጣሁ ቁጥር አክስቴ ያበሉኛል፣ ያጠጡኛል፤ እሳቸው ግን ቀን ምንም አይቀምሱም። የሰኞና የሐሙስ ጾም እየያዙ ነው ብዬ ዝም ስል ኖርኩ። አንድ ማክሰኞ ግን ከንፈራቸው ደርቆ ሲሰነጠቅ አየሁና፣ «ዛሬ ደግሞ የምን ጾም ነው?» አልኳቸው።

«ጾም አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ከጠጣሁ መውጣት አለ። ፀሐይ እያለ የት እወጣለሁ?»

ሐኪም ኩላሊታቸውን አይቶ ውሃ አብዝተው ይጠጡ ብሏቸው ነበር፤ ይህንንም የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በጨለማ ቁልቁለቱን የሚወርዱት ድንጋይ እየዳበሱ ነው። የሰው ሽንት ቤት ስገነባ የኖርኩ ሰውዬ አክስቴ በውሃ ጥም እንደሚውሉ አላውቅም ነበር። አፈርኩ፤ ሳፍር ደግሞ እናደዳለሁ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት የቅሬውን ዳኛ ፍለጋ ወጣሁ።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። በጨረቃ ቤቱ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይሸኛል፣ ሁሉም ለቅሶ ቤት ይቀመጣል። በሰፈሩ ውስጥ ያለችው አንዲት ባዶ ቦታ የዚህ ቅሬ ነበረች። የድንኳንና የድስት ማስቀመጫ ሊሠሩባት ድንጋዩን ከምረው ጨርሰዋል። ዳኛው ጡረታ የወጡ፣ ቁጥብ፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ቦታውን ለሽንት ቤት ስጡኝ ስላቸው አልተቆጡም።

«ለሬሳ እቃ ያሰብነውን ለዚህ ልታውለው?» አሉ።

እዚህ ላይ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ስለ አክስቴ አላነሳሁም፤ ስለ ሴቶቹም አላነሳሁም፤ ነውር ነው። ያነሳሁት ማገዶ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ለለቅሶ ቤት የሚነደው እንጨት ከጎረቤት ከተማ ከግራና በአህያ ተጭኖ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቅሬውን ምን ያህል እንደሚያማርረውም አውቃለሁ። «እሳቱን ከራሳችሁ አወጣላችኋለሁ» አልኳቸው። ሽንት ቤቱ የሚጥለውን ከመሬት ሥር በታሸገ ጉድጓድ እቀበለዋለሁ፤ አየር ሳያገኝ ሲብላላ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ በቧንቧ ምድጃ ድረስ ይመጣል፤ የተረፈው ፈሳሽ በሌላ አፍ ወጥቶ ለዛፍ ሥር ይሆናል። ነገሩ ለቅሬው ሲቀርብ ሳቁብኝ። ከዚያ ጠየቁኝ። ከዚያ ተከራከሩ። ሙስሊሞቹ ነጃሳ ነው፣ ያረክሳል፣ አያረክስም ተባባሉ፤ ክርስቲያኖቹም የየራሳቸውን አነሱ፤ በመጨረሻ አንድ ሸኽ፣ እሳት ሆኖ ከነደደ እሳት ነው ብለው ዘጉት።

ውሉ በቅሬው መዝገብ ተጻፈ፤ ፈረምኩ። በሩ ከተከፈተ በአርባኛው ቀን የቅሬው ትልቁ ድስት በዚያ እሳት ይፈላል። ካልፈላ ጉድጓዱ በዚያው በተከመረው ድንጋይ ተደፍኖ ቦታው ለቅሬው ይመለሳል። ይህ ማለት አክስቴም ወደ ወንዙ፣ ወደ ጥማቸው ይመለሳሉ ማለት ነው። ግን እኔ የሠራሁት አያፈስም አላልኩም? አርባ ቀን አይደለም፣ ሃያም ይበቃኝ ነበር።

ሥራው በደቦ ሆነ። ወንዱ ቆፈረ፣ ሴቷ አሸዋ አቀበለች። ዙሪያውን በድንጋይ ገንብቼ፣ መሐሉን በአፈር ሞልቼ እንደ ጉብታ አስተካከልኩና በላዩ ኮንክሪት አፈሰስኩ፤ ሲደርቅ አፈሩን ከሥር በቀዳዳው አስወጣነው፤ ጣሪያው ብቻውን ቆመ። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ተራ በተራ አንገቱን አስገብቶ እያየ ሲደነቅ እኔ ዳር ላይ ቆሜ እጄን ስታጠብ ነበር፤ ሲያመሰግኑኝ እንዳልሰማ ሆኜ። ከላይ አራት ክፍል ሠራሁ፤ ሁለቱ የወንድ፣ ሁለቱ የሴት። የሴቶቹ በር ወደ ጎዳናው ሳይሆን ወደ አክስቴ ግድግዳ እንዲዞር ያደረጉት አክስቴ ናቸው። እኔ ቧንቧው እንዲያጥር ብዬ በሌላ በኩል አስቤው ነበር፤ አንድ ጊዜ አዩኝና ተውኩት።

ጉድጓዱ ሥራ እንዲጀምር እርጥብ የከብት እበት ያስፈልገዋል። ከግራና የከብት ገበያ በጋሪ አስመጥተን ሞላነው። በሩ የተከፈተ ዕለት ሰዉን ሰብስቤ ንግግር አደረግሁ። ፌስታል አትጣሉ፣ ጨርቅ አትጣሉ፣ ድንጋይ አትጣሉ፣ የጫት ገራባ አትጣሉ አልኩ። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ካልሆነ በእሳቱ ሊጠቀም የሚደፍር አይኖርም አልኩ። ቤታቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ሴቶቹ አክስቴን ጠባቂ አደረጓቸው። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ምድጃውን ከፍቼ ክብሪት ጫርኩ። ሰማያዊ ነበልባል፣ የጣት ርዝመት የሚሆን፣ ብልጭ ብሎ ቆመ። ለድስት ገና አይበቃም፤ ግን ነደደ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ወልድያ ላይ የጀመርኩት ሥራ ስለነበረኝ፣ ዳኛውን ጨብጬ፣ ድስታችሁን እጠቡ ብዬ በኩራት ተሳፈርኩ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ስመለስ እሳት የለም።

የጋዙን ኃይል የሚያሳይ ውሃ የተሞላ ላስቲክ ቱቦ ግድግዳው ላይ አስሬ ነበር፤ ጋዙ ሲበዛ ውሃውን በአንድ በኩል ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ተኝቷል። በየቧንቧው መጋጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀባሁ፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተነፈሰም። ጣሪያው ላይ ያለበስነውን አፈር ገልጬ አየሁ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለችም። እንግዲህ የእኔ ሥራ ደኅና ነው፤ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ጥሏል ማለት ነው።

ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር አንድ ልብስ ሰፊ ሲንጀሩን ዘርግቶ ይሠራል። ከምሳ በኋላ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር ይቅማል። ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም። ሰዉ እየሰማ፣ «እኔ ላቤን አፍስሼ የሠራሁትን እናንተ የገራባ ጉድጓድ አደረጋችሁት» አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩ፤ እዚህ ላይ መድገም አልፈልግም።

ልብስ ሰፊው ቀሚሱን ከመርፌው ሥር ሳያወጣ ሰማኝ። «ወላሂ አንድ ቅጠል አልጣልኩም» አለ። «ገራባውን የምትበላ ፍየል አለችኝ። ላንተ ጉድጓድ የሚተርፍ የለም።»

ሰዉ ሳቀ፤ ንዴቱ ባሰብኝ። በማስወጫው በኩል ረጅም እንጨት ሰድጄ ፈሳሹን አማሰልኩ፣ በወንፊት አጠለልኩ። ቅጠል የለም። ፌስታልም የለም። ይልቅ ሽታው አልተመቸኝም፤ የሚብላላ ነገር ሽታ አልነበረም፤ የሞተ ነገር ነበር። ቢሆንም አፌን ከፍቼ የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ ስላልሆነልኝ ልብስ ሰፊውን ይቅርታ ሳልጠይቀው ሰነበትኩ። በየቀኑ በፊቱ ሳልፍ ያ ሰው ደኅና ዋልክ ይለኛል። ይህም አናደደኝ።

ቀኑ እየሄደ ነው። ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት። እኔ አዲስ እበት አስጨመርኩ፤ ምንም። አርብ፣ ቅሬው ሊሰበሰብ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አክስቴ ቤት ምሳ ቀረበልኝ። አክስቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። በቀን ብርሃን፣ በትልቁ የቆርቆሮ ኩባያ፣ አንዴ ተጎንጭተው ያሳርፉና ደግሞ ይደግማሉ። ይህን ማየት ደስ ይለኝ ስለነበር ዓይኔን አልነቀልኩም። ኩባያውን ሊሞሉ ሲነሡ የጥቁር ቀሚሳቸው ጫፍ ታየኝ፤ ዙሪያውን ነጣ ቀላ ብሎ ተዥጎርጉሯል።

«ቀሚስዎን ምን ነካው?»

«በረኪና ነዋ» አሉ እንደ ዋዛ።

«የምን በረኪና?»

አክስቴ በኩራት ቀና አሉ። ያን ዕለት እሳቱ ብልጭ ሲል ሴቶቹ ተጨንቀው ነበር። ለለቅሶ የሚበላ ወጥ በዚህ ሊሠራ ነው፤ ኋላ ሰው ነጃሳ አበላችሁን ቢለንስ? አክስቴም አይለንም ብለው ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧትና ማታ በአራቱም ቀዳዳ በረኪና ያፈሳሉ። ሴቶቹ በየተራ ከየቤታቸው ያመጣሉ። አንድ ቀን አላጓደሉም። «ከላይ ብቻ መስሎሃል?» አሉኝ። «እስከ ሥሩ ነው ያጠብኩልህ።»

የያዝኩትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለስኩ። ንግግሬ ትዝ አለኝ፤ ንጹሕ ካልሆነ ያልኩት። ምን እንደማይጣል ስደረድር ምን እንደማይፈስ አልተናገርኩም። የገበሬ ጓሮ ስሠራ በረኪና የሚያፈስ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ከብት በረት የሚያጥብ ማን አለ? የሰው ሽንት ቤት ሲሆን፣ በዚያ ላይ ውሃ ይዞ ገብቶ ታጥቦ የሚወጣ፣ ለንጽሕናው የሚጠነቀቅ ሰው የሚጠቀምበት ሲሆን፣ ይህን ማሰብ የእኔ ፋንታ ነበር።

«አክስቴ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሕይወት ያለው ነገር ነው። ልክ እንደ እርሾ ነው። ጋዙን የሚሠራው እሱ ነው።»

ሌላ ማብራራት አላስፈለገም። «እርሾው ላይ በረኪና ስደፋ ከረምኩ በለኛ» አሉ። ኩባያውን አስቀመጡት። ውሃው እንደተሞላ ነበር፤ ያን ቀን ከዚያ በኋላ አልነኩትም።

እውነቱን ልናገር። ከአክስቴ ቤት ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ድረስ ስሄድ አንድ ክፉ ሐሳብ አብሮኝ ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ልብስ ሰፊውን እንደጠረጠረ ነው። ዝም ብል አክስቴ አይነኩም፣ የእኔም ስም አይነካም። ያ ሰው ብቻ ከነፍየሉ ይወቀሳል። አስፋልቱ ጋ ስደርስ በራሴ አፈርኩና ተመለስኩ። የቀረውን በረኪና ከየቤቱ ሰበሰብኩ፤ ጉድጓዱን በብዙ ውሃ አቀጠንኩት፤ የቻልኩትን ያህል ፈሳሽ ቀድቼ አወጣሁና ከግራና እንደገና ትኩስ እበት በጋሪ አስመጣሁ። እንዲያም ሆኖ ከአሥር ቀን በፊት እንደማይነድ አውቃለሁ። የቀረኝ ሁለት ቀን ነው።

እሑድ ከሰዓት ቅሬው ከወንዙ ዳር ካለው ሾላ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል። ዳኛው መዝገቡን ገልጠው ውሉን አነበቡ፣ የእኔን ፊርማ ጭምር። ከዚያ «እሳቱስ?» አሉኝ።

ተነሣሁ። እሳት የለም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጠባቂዎቹ በረኪና እንዳያፈሱ መንገር ነበረብኝ፣ አልነገርኩም፤ ጉድጓዱን የገደለው ይኸው ነው። ወደ ልብስ ሰፊው ዞርኩና «አንተን ያለ ጥፋትህ በሰው ፊት ሰድቤሃለሁ፤ በሰው ፊት አፉ በለኝ» አልኩት።

«አፉ ብያለሁ» አለ፤ «ፍየሏን ግን ራስህ አነጋግራት።»

ሳቁ ትንሽ አቀለለኝ። አሥር ቀን እንዲጨምሩልኝ ለመንኩ። ዳኛው ግን አልሳቁም። «አርባ ቀን ይላል» አሉ። «አንተው ነህ የፈረምከው። ለአንተ ብለን ቃል ካጠፍን ነገ ለሌላውም እናጥፋለን። ድንጋዩ ከተከመረ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ድንኳኑን ምስጥ እየበላው ነው።» ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እውነት ለመናገር ሰውየው ልክ ነበሩ።

በሴቶቹ በኩል አክስቴ ተነሡ። በቅሬ ስብሰባ ሴት ተነሥታ ስትናገር አይቼ አላውቅም፤ ያለቅሳሉ፣ ያበስላሉ፣ ይሰማሉ። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝ ከጎናቸው ያለችው ሴት ክንዳቸውን ይዛ አቆመቻቸው።

«በረኪናውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አሉ። «እሱ እኔን ሊሸሽግ ነው ጠባቂዎቹ የሚለው። አሁን ስሙኝ። እናንተ ስለ እሳት ትነጋገራላችሁ። እኔ እዚህ ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ ፀሐይ እያለች ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። መውጫ ስለሌለኝ። ያ በር ከተከፈተ ወዲህ ግን እንደ ሰው እጠጣለሁ። እሳቱ ቢነድም የሱ ነው፣ ባይነድም የሱ ነው። በሩ ግን የእኛ ነው። በሩን እንዳትነኩት።»

ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም አብሬ መሬት አየሁ፤ ይህን ነገር ነውር ነው ብዬ በማገዶ የሸፈንኩት እኔ ነኝና። ዳኛው ወደ ሴቶቹ ዞሩ፤ ባለቤታቸው ከሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። አብረው የኖሩበት ዘመን ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል።

«አንቺም?» አሏቸው።

ሴትየዋ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «እኔ ከማን ተለይቼ?» አሉ።

ዳኛው መዝገቡን ለጸሐፊው ዘረጉለት። በጣታቸው የአርባ ቀኑን መስመር አሳዩትና «ይህን ሰርዘው» አሉ። ለድንኳኑ ሌላ ቦታ ይፈለጋል ተባለ። ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ፤ እኔ ግን ቆሜ እንደነበርኩ ያስታወሰኝ ልብስ ሰፊው ነው፤ ጃኬቴን ጎትቶ አስቀመጠኝ።

እሳቱ ትኩሱ እበት ከገባ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። በጣቴ እንኳ ሳልነካው በቱቦው ውስጥ ውሃው ወደ ላይ መውጣቱን አይቼ አወቅሁት። ክብሪት ስጭር ምድጃው ዙሪያውን ቦግ አለ፤ ንጹሕ፣ ሰማያዊ፣ ጭስ የሌለው። ትልቁን ድስት ጣድንበት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ዳኛው መጡ፣ ልብስ ሰፊው መጣ፣ ከመናኸሪያ ሳይቀር ባጃጃቸውን አቁመው መጡ። ድስቱ ዳር ዳሩን መፍላት ሲጀምር አክስቴን ብፈልጋቸው አጣኋቸው። እየሮጥኩ ቤታቸው ሄድኩ።

በር ላይ ተገናኘን። በእጃቸው የመታጠቢያ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘዋል።

«ነደደ እኮ» አልኳቸው። «ድስቱ እየፈላ ነው፤ ይምጡና ይዩት።»

«እሳት አይቼ አላውቅም እንዴ ልጄ?» አሉ። «ዞር በል፣ ቸኩያለሁ።»

ገፋ አድርገውኝ አለፉ። ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ሲያያቸው ተከፈለላቸው። በቀስታ፣ ጉልበታቸውን እያዳመጡ፣ ዳኛውን ደኅና ዋሉ ብለው፣ ቀትር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ በሩን ከፍተው ገቡ።